ሁለት ተወገደ፤ አራት ይቀራል

በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ኪሱ ውስጥ ወረቀት የተገኘበት ሰው፣ ሽጉጥ ከተገኘበት ሰው የተሻለ ዕድል አልነበረውም። ሽጉጥ ቢሆን «የአጎቴ ነው፤ ለጅብ ማባረሪያ ነው» ተብሎ ይለመንበት ይሆናል። ወረቀት ግን ራሱ ይናገራል፤ ያውም የሚናገረው የጻፈው ሰው ያሰበውን ሳይሆን ያነበበው ሰው የፈለገውን ነው።

ይህን ወልደጻድቅ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፣ ፈሪ ነዋ! ፈሪነቱን እሱም አይክድም፤ እሱ ካልካደው እኛም አንደብቅለትም። «ፈሪ ለናቱ» እያለ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ከኋላ ይቀመጣል፤ ሲጨበጨብ ያጨበጭባል፤ ማን ምን እንዳለ ሲጠየቅ «ጆሮዬን ቶርኖው አደንቁሮታል» ይላል። እውነትም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከብረት መላጊያው ከቶርኖ ሥር ቆሞ ብረት ሲያሽከረክርና ሲልግ የኖረ ሰው ስለሆነ የሚከራከረው አልነበረም።

ታዲያ እንዲህ ያለው ጠንቃቃ ሰው ማክሰኞ ጠዋት ላምበረት ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ከሌሎቹ ተሳፋሪዎች ጋር ለፍተሻ ተሰልፎ እጁን ወደ ላይ እንዳነሣ፣ የቱታው ደረት ኪስ ውስጥ ለአራት የታጠፈ ወረቀት መኖሩ ትዝ አለው። ቅዳሜ የጻፈው የሥራ ማስታወሻ ነው። ባለቤቱ ምንትዋብ እሑድ ቱታውን ብታጥብ ኖሮ ኪሱን ትፈትሽ ነበር፤ ግን ውሃ ጠፍቶ ሰነበተ። እጁን ዝቅ አድርጎ ወረቀቱን ሊውጠው አስቦም ነበር። እጁን ዝቅ ያደረገ ሰው ምን እንደሚደርስበት ደግሞ ያውቃል።

ፈታሹ ደቻሳ የሚባል ግዙፍ አብዮት ጠባቂ ነው። ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋው፤ ገለበጠው፤ ፊደል ገና እየቆጠረ ነበርና ላንድሮቨሩ ውስጥ ለተቀመጠው ለጓድ ዓለምሰገድ ወስዶ ሰጠው። ዓለምሰገድ ካድሬ ከመሆኑ በፊት የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ከመኪናው ወርዶ፣ የተማሪ ደብተር እንደሚያነብ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«ራሱ ወደ ግራ ዘሟል። ከሥር ካልተነሣ አይስተካከልም። ሁለት ተወገደ፤ አራት ይቀራል። ሰኞ ከምሳ በፊት። ሙ. ይኑር።»

ከወልደጻድቅ ጎን የቆመች ሴት እጇን ወደ ላይ እንዳነሣች አንድ እርምጃ ራቀችው። አልፈረደባትም። እሱም ቢሆን ከራሱ ቢርቅ ደስ ባለው።

ሰኞ ማለት ትናንት ነው። ትናንት ከምሳ በፊት፣ ከዚያው ከቆሙበት ብዙም ሳይርቅ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ከቢሮው ሲወጣ በጥይት ተገድሏል። ፍተሻው በሱ ምክንያት ነው። ወልደጻድቅ የራሱን ጽሑፍ በሌላ ሰው አንደበት ሲሰማው ራሱም ደነገጠ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባል የለ? በዚያች ቁራሽ ወረቀት ላይ አንድም ጤነኛ ቃል አልነበረም።

«ራሱ ማነው?» አለ ዓለምሰገድ።

«ቶርኖው ነው ጌታዬ... ጓድ። የቶርኖው ራስ።»

«ቶርኖ ራስ አለው?»

«አለው። ጭራም አለው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሰልፉ ውስጥ የሚስቅ አይጠፋም ነበር። ዛሬ ግን ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል።

«ወደ ግራ የዘመመው ራስ ማነው ነው የምልህ?» አለ ካድሬው በድጋሚ። ይህን ሲል ድምፁን ቀነስ አደረገ፤ እሱ የጠረጠረውን የበላይ ሰው ስም እሱም ቢሆን ጮክ ብሎ ሊጠራው አይችልምና። ወደ ግራ መዝመም ጽድቅ ይሁን ኃጢአት በዚያ ሳምንት በርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከስብሰባ ስብሰባ ይለዋወጥ ነበር።

«በእግዚአብሔር... በአብዮቱ ስም፣ ብረት ነው ጓድ። የምንሠራበት ብረት ነው።»

«የተወገዱት ሁለቱ እነማን ናቸው? የቀሩት አራቱስ?»

«ሰዎች አይደሉም፤ ልክ ናቸው። አንድ ሚሊ ሜትር መቶ ቦታ ቢቆረስ፣ ከመቶው...»

«ሙ. ማነው?»

«ሙክታር።»

ስሙ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። አንዲት ጥፊ አልቀመሰም፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተዛተበትም። ዘጠኝ ዓመት አብሮት የሠራውን፣ በሐዘኑም በደስታውም ደጁ የቆመለትን ሰው፣ የመንገድ አድራሻ የተጠየቀ ይመስል ሰጠው። ምላሱን ቢነክሰው ወደደ፤ ግን ምላስ የሚነከሰው አስቀድሞ ነው።

እዚያው ላምበረት ላይ ያልጨረሱት ለምን እንደሆነ ኋላ ብዙ ተወርቷል። የቀበሌው እስር ቤት ስለሞላ ነው የሚሉ ነበሩ። ወልደጻድቅ ግን ሰውየው የሒሳብ አስተማሪ ስለነበር ነው ይላል፤ ሒሳብ የሚወድ ሰው መልሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ማየት ይፈልጋል። «ቶርኖህን አሳየኝ» አለና ላንድሮቨሩ ውስጥ ከደቻሳ ጎን አስቀመጡት።

የሚሠሩበት ጋራዥ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ ባለቤቱ ጥሎት የሄደና መንግሥት የወሰደው የብረት ሥራ ቤት ነው። ሲደርሱ አንድ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ሙክታር ጀርባውን ሰጥቶ ቶርኖውን ዘይት እያጠጣ ነበር። ዞር ሲል መጀመሪያ ጠመንጃውን፣ ቀጥሎ ወልደጻድቅን አየ።

«ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?»

ካድሬው ወረቀቱን ለሙክታር አነበበለትና ምን እንደሆነ ጠየቀው። ሙክታር ግራ በመጋባት ትከሻውን ነቀነቀ። «ይኸው የዚህ ነው» ብሎ ቶርኖውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ወላሂ ሌላ ምንም የለውም።»

ከዚያ ወልደጻድቅ ማስረዳት ጀመረ። ስለ ሥራው ሲያወራ ፍርሃቱ ለጥቂት ጊዜ ረሳው። ቶርኖው ከሌላ ክፍል ተነቅሎ እዚህ የተተከለ ባለፈው ወር ነው። በአራት እግሩ የሚቆም ከባድ ነገር ነው፤ አንዱ እግር ከሌሎቹ በወረቀት ውፍረት ዝቅ ካለ፣ ያ ሁሉ ብረት እንደ እርጥብ ጣውላ ይጠመዘዛል። ሲጠመዘዝ ብረቱን ነክሶ የሚያሽከረክረው ራሱ ወደ አንድ ወገን ያያል። ራሱ ከዘመመ ደግሞ የተላገው ዘንግ ከአንደኛው ጫፍ ይወፍራል፣ ከሌላኛው ይቀጥናል። ዓይን አያየውም፤ ወፍጮ ላይ ሲገጠም ግን የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ይበላዋል። ስለዚህ ውሃ ልክ አስቀምጠው፣ ዝቅ ያለውን እግር ከሥሩ አንሥተው፣ ስስ ላሜራ ይጎዘጉዙለታል። ቅዳሜ የመጀመሪያውን ላሜራ አስገቡ፤ ከስሕተቱ ሁለት መቶኛ ተወገደ፣ አራት መቶኛ ቀረ። ወፍራሙን ላሜራ ሰኞ ከምሳ በፊት ሊያስገቡ ተቀጣጠሩ። ብቻውን አይነሣምና ሙክታር መኖር ነበረበት።

«ጥሩ» አለ ዓለምሰገድ። ሳጥን ስቦ ተቀመጠ። «መዝመሙን አሳየኝ።»

ፍርሃቱ ተመልሶ መጣ፤ ሲመለስም ባዶ እጁን አልመጣም።

«አሁን ቀጥ ብሏል ጓድ። ትናንት አስተካክለነዋል።»

«እንግዲያ ማስረጃው የለም ማለት ነው?»

እስቲ አስቡት። አንድ ባለሙያ ሥራውን በደንብ በመሥራቱ ሊሞት ነው! ትናንት ቢሰንፍ፣ ቢሰክር፣ ለቅሶ ቢሄድ ዛሬ ነፃ በወጣ ነበር።

«አለ!» አለ ሙክታር ፈጥኖ። «ላሜራዎቹን ብናወጣቸው ተመልሶ ይዘማል።»

«ስንት ይዘማል?»

መልስ ሳይጠብቅ ካድሬው በጣቱ ቆጠረ። «ሁለት ተወግዶ አራት ከቀረ፣ መጀመሪያ የነበረው ስድስት ነው። አይደለም? ላሜራዎቹ ሲወጡ ስድስት ከመጣ ወረቀታችሁ ስለ ቶርኖ ነው። ስድስት ካልመጣ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው።»

ሒሳቡ ልክ ነበር፤ ብረት ግን ሒሳብ አያውቅም። የነቀሉት ነገር ሲመለስ አንድም ቀን በነበረበት ቁጥር ተመልሶ አያውቅም። ወለሉ ይረጋል፤ እግሩን የሚያስረው ዳዶ ትንሽ ጠበቅ ወይም ላላ ይላል፤ ጠዋትና ከሰዓት እንኳ አንድ አይደሉም። ወልደጻድቅ ይህን ሊናገር አፉን ከፈተና የደቻሳን ጠመንጃ አየ። «ዝም አይነቅዝም» አለ በልቡ። አፉን ዘጋ።

ዳዶዎቹን አላሉ። ሙክታር በብረት ዘንግ እግሩን ሽቅብ ሲያነሣ ወልደጻድቅ በደረቱ ተኝቶ ሁለቱን ላሜራዎች ሳበና አወጣቸው። እንደገና አጠበቁ። ስንዝር የሚሆን ብረት አስረው ቶርኖውን አስነሡት። መቁረጫውን ያስጠጋው ሙክታር ነው። ቀጭን ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወደቀ። ቶርኖው ከቆመ በኋላ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ካድሬው።

«ይቀዝቅዝ ጓድ። ትኩስ ብረት ያብጣል፤ ልኩን አይናገርም።»

ዓለምሰገድ ሲጋራ ለኮሰ። ያቺ ሲጋራ እስክታልቅ ወልደጻድቅ ስለ ምንትዋብ አሰበ፤ ሬሳውን ከየት እንደምትፈልግ፣ ማን ይዟት እንደሚዞር፣ ላልቅስለት ብትል እንደሚከለክሏት። ያን ጊዜ እንባም በፈቃድ ነበር።

ሲጋራው አልቆ ወልደጻድቅ መለኪያውን ማይክሮሜትር ሲያነሣ ካድሬው «ቆይ!» አለው። ተቀብሎት ወደ መስኮቱ ወሰደው፤ አገላበጠው፤ በጥቃቅን የተሰመሩትን መሥመሮች ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አያቸው። ማንበብ አልቻለም። ሒሳብ ያስተማረ ሰው ቁጥር አላነብ ሲለው ምን ያህል እንደሚናደድ ከፊቱ ይታይ ነበር።

«ስድስት ነው ብትለኝ በምን አውቃለሁ?» አለ። ትንሽ አሰበና ከማስታወሻ ደብተሩ ሁለት ቅጠል ገነጠለ። «እንደ ፈተና እናደርገዋለን። አንድ በአንድ ትገባላችሁ። እየለካችሁ ቁጥሩን ብቻ ትጽፋላችሁ። መነጋገር የለም፤ መተያየትም የለም።»

ሙክታር ቀድሞ ገባ። ወልደጻድቅ ውጭ፣ ግድግዳው ሥር ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዙሮ ቆመ። ከኋላው ደቻሳ ይተነፍሳል። ከቆርቆሮው ወዲያ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሙክታር ሲወጣ እግሩን ብቻ አየ፤ ከእግር ደግሞ ምንም አይነበብም።

ተራው ደረሰ። በአንደኛው ጫፍ ለካ፤ በሌላኛው ለካ። ልዩነቱ አምስት መቶኛ ሆነ። ደገመው። አምስት። ሦስተኛውን ጊዜ ማይክሮሜትሩን ከልክ በላይ ጠበቅ አድርጎ ሊያታልል ሞከረ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያላደረገውን። አሁንም አምስት። ብረቱ እንደሆነ ማንንም አይፈራም።

እርሳሱን ይዞ ቆመ። ስድስት ቢጽፍ ከወረቀቱ ጋር ይገጥማል። ሙክታርስ ምን ጽፎ ይሆን? ሙክታር ሦስት ልጆች አሉት፤ ሚስቱ ሸሪፋ አራተኛውን አርግዛለች። ስድስት ካልመጣ ምን እንደሚከተል በጆሮው ሰምቷል። ነፍሱን የሚወድ ሰው ሁሉ ስድስት ይጽፋል። እንዲህ እያለ ራሱን አሳመነና ስድስት ጻፈ። ቁጥሯ ጠማማ ሆና ወጣች።

ዓለምሰገድ ሙክታርን አስጠራና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያዛቸው። ብዙ ጊዜ አያቸው።

«አለቃህ ስድስት ብሏል» አለው ሙክታርን። «አንተ አምስት ብለሃል። ስድስት መሆን እንዳለበት ከሒሳቡም ከወረቀቱም አውቀናል። ስለዚህ ከሁለታችሁ ማን እንደዋሸ ግልጽ ነው።» በአገጩ ምልክት ሰጠ። ደቻሳ የሙክታርን ክንድ ያዘ።

ወልደጻድቅ መሬቱን አየ። ወለሉ ላይ ፍቅፋቂው እንደተጠቀለለ ወድቋል። ዝም አለ። ይህን መሸፋፈን አይቻልም፤ ዝም አለ። ውስጡ «ተረፍክ» የሚል ድምፅ ሰማ፤ ድምፁም የራሱ ነበር።

ሙክታር ግን አልለመነም፤ ይልቁንም ተቆጣ።

«ጓድ፣ ወረቀቱ ተምታቶብዎታል» አለ። «ጋሼ ወልደጻድቅ አምስት አይተው ስድስት አይጽፉም። በግምባራቸው ሽጉጥ ቢደገን አይጽፉም። እኔም አምስት ያልኩት እሳቸው አምስት እንደሚሉ ስለማውቅ ነው፤ እሳቸው ባይለኩትማ እኔም ስድስት ብዬ ልጆቼን ባየሁ! ያ ስድስት የሳቸው አይደለም። ሌላ ሰው ነው የጻፈው።»

«ሌላ ሰው እዚህ የለም» አለ ዓለምሰገድ።

«አላውቅም። የሳቸው ግን አይደለም።»

ወልደጻድቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ፈርቷል። እንደዚያች ቅጽበት ግን ፈርቶ አያውቅም፤ የፈራውም ጠመንጃውን አልነበረም።

«የኔ ነው» አለ። ድምፁ ስላልወጣለት ደገመው። «የኔ ነው ሙክታር። ስድስት ያልኩት እኔ ነኝ። አምስት ነው ጓድ። ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ። ልኩ የሱ ነው።»

«ለምን ስድስት ጻፍክ?»

«ፈርቼ።»

የሙክታር ክንድ ደቻሳ እጅ ውስጥ እንዳለ ላላ። ወደ ወልደጻድቅ አላየም። ካድሬው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ሲያይ ቆየና በረጅሙ ሳቀ። አስደሳች ሳቅ አልነበረም፤ የሰለቸው አስተማሪ ሳቅ ነው።

«ስምንት ዓመት ፈትኛለሁ» አለ። «የተኮራረጁ ተማሪዎች መልሳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ስሕተታቸውም አንድ ዓይነት ነው። እናንተ በአንዲት ቁጥር፣ ያውም ነግሬያችሁ፣ መስማማት ያቃታችሁ ሰዎች፣ ሰው ለመግደል ትስማማላችሁ?» ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። የላምበረቱን ወረቀት አጥፎ ደብተሩ ውስጥ አስገባው። «ይሄ ግን እኔ ዘንድ ይቆያል። ስፈልጋችሁ የት እንዳላችሁ አውቃለሁ።»

ላንድሮቨሩ ተነሥቶ ድምፁ ከቦሌ መንገድ ጫጫታ ጋር እስኪቀላቀል ሁለቱም ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ወልደጻድቅ ካድሬው የተቀመጠበት ሳጥን ላይ ዘፍ አለ። ሳጥኑ ገና ይሞቅ ነበርና ወዲያው ተነሣ።

«ስሜን ከየት አገኙት?» አለ ሙክታር ወለሉን እያየ።

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

«መቱዎት?»

ዋሽቶ አዎ ማለት ይችል ነበር። «አልመቱኝም» አለ።

ሙክታር ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ አልጠየቀም። ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ላሜራዎች ከወለሉ ለቀመ፤ በቱታው ጠረጋቸው። ከሰዓት በኋላ የሚወሰድ የወፍጮ ዘንግ ይጠብቃቸው ነበር፤ አብዮትም ቢሆን ዱቄት ይበላል። ያለ ንግግር ዳዶዎቹን አላሉ፤ እግሩን አነሡ፤ ላሜራዎቹን መለሱ፤ አጠበቁ። አዲስ ብረት አሰሩ፤ ላጉት፤ እስኪቀዝቅዝም ጠበቁ።

ወልደጻድቅ ለካ። ሁለቱ ጫፎች አንድ ነበሩ። ሁለቴ አረጋገጠ።

«ዜሮ» አለ።

ከዚያች ጠዋት ወዲያ በወረቀት መጻፍ ቀርቶ ነበርና ሙክታር ጠመኔ ይዞ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወልደጻድቅ ቁጥር ሲጠራ እሱ ይጽፍ ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳ አያይም ነበር። አሁን ጠመኔውን አልጫረም። ወለሉ ላይ አስቀመጠው፤ ተነሣ፤ እጁን በቱታው ሁለት ጊዜ ጠረገና ዘረጋ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ። «እኔም ልየው።»

ወልደጻድቅ ማይክሮሜትሩን ሰጠው።